ሥራው የእሷ፣ ስሙ የሌላ

ቦንጋ ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ደግሞ ማንኪራ የሚባል ጫካ ታገኛላችሁ፤ የአካባቢው ሰው ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላል። የፈረንጆቹ ኮፊ የሚለው ቃል ራሱ ካፋ ከሚለው ስም የመጣ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። ዛሬ ግን በርሊን ወይም ኒውዮርክ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን የሚያማስል ሰው ስለ ካፋ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? አብዛኛው ምንም። ስኒው ደርሶታል፣ ስሙ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

እንዲህ ያለ ነገር በሰውም ላይ ይደርሳል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይለፋል፣ ውጤቱ ዓለምን ያዳርሳል፣ ስሙን የሚያነሳ ግን ይጠፋል። ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ ስለሆነችባት ሴት ነው። ሊዘ ማይትነር ትባላለች። የኑክሌር ፊዚክስ ተመራማሪ ነበረች። ዩራኒየም ለሁለት ሲሰነጠቅ ምን እንደሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ አስልተው ያስረዱት እሷና የእህቷ ልጅ ናቸው። የኖቤል ሽልማቱን የወሰደው ግን ሌላ ሰው ነው።

የኑክሌር ተመራማሪ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፊልም ላይ ያየነው ነገር ነው፤ ነጭ ጋዋን፣ የሚጮህ አላርም፣ የሚፈነዳ ነገር። የሊዘ የሥራ ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። መቁጠር ነበር። መጠበቅ ነበር። እንደገና መቁጠር ነበር። እስኪ ታሪኳን ከሥሩ እንያዘው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1897 የተከፈተው በር

ሊዘ የተወለደችው በ1878 በኦስትሪያዋ ዋና ከተማ ቪየና ነው። አባቷ ጠበቃ ናቸው፣ ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው፣ ልጆቹ ስምንት ናቸው፤ እሷ ሦስተኛዋ ነች። በዚያ ዘመን ቪየና ውስጥ የሴት ልጅ የመንግሥት ትምህርት 14 ዓመት ሲሞላት ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ትዳር ነው፤ ቢበዛ ደግሞ አስተማሪነት። ሊዘም የፈረንሳይኛ አስተማሪ ለመሆን ተማረች። ልቧ ግን ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ነበር።

አሁን 1897ን ያዙልኝ። በካፋ ታሪክ ይህ ዓመት ትልቅ ምዕራፍ የተዘጋበት ነው። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው የተማረኩት፣ ለዘመናት የኖረው የካፋ መንግሥትም ያበቃው በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ቪየና ላይ ደግሞ ተዘግቶ የኖረ በር ተከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን መቀበል ጀመረ።

ሊዘ ያኔ 19 ዓመቷ ሊሞላ ነው። በሩ ቢከፈትም ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልተማረችም። ምን ይሻላል? የ8 ዓመቱን ትምህርት በ2 ዓመት ጠቅጥቃ ተማረችው። እህት ወንድሞቿ ያለ መጽሐፍ ብድግ ባለች ቁጥር ፈተናውን ልትወድቂ ነው እያሉ ይፎግሯት ነበር። በ1901 ለመግቢያ ፈተናው ከተቀመጡት 14 ሴቶች ያለፉት 4 ብቻ ናቸው። አንዷ እሷ ነች።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሉድቪግ ቦልትዝማን የሚባሉ ታላቅ ፊዚሲስት አስተማሯት። ፊዚክስን እንደ ቃል ጥናት ሳይሆን እውነትን እንደ መፈለጊያ መንገድ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። በ1906 ዶክትሬቷን ያዘች፤ በቪየና ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ለዚህ ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆነች።

ልክ በእነዚያ ዓመታት ሌላ የቪየና ልጅ ወደ እኛ አገር ይመላለስ ነበር። ፍሬድሪክ ዩሊየስ ቢበር ይባላል። በ1905 ካፋ ድረስ ዘልቆ መጥቶ፣ በኋላ ስለ ካፋ ሕዝብ ታሪክና ባህል ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። ከአንድ ከተማ የተነሱ ሁለት ሰዎች፤ አንዱ ካፋን ሊያውቅ ሩቅ አገር ሄደ፣ ሌላዋ ዓይን የማያየውን የአቶም እምብርት ፍለጋ ምድር ቤት ወረደች። ምድር ቤት ስላችሁ የአነጋገር አይደለም፤ እውነተኛ ምድር ቤት ነው።

የአናጺው ክፍል

በ1907 ሊዘ ወደ በርሊን ሄደች። የማክስ ፕላንክን ትምህርት ለመከታተል ነበር ሐሳቧ። እዚያ ኦቶ ሃን የሚባል በእድሜ የሚቀራረባት ኬሚስት አገኘች። እሱ ኬሚስትሪውን ያውቃል፣ እሷ ፊዚክሱን። ያኔ ገና አዲስ የነበረውን የራዲዮአክቲቭ ምርምር አብረው ለመሥራት ተስማሙ።

እንቅፋት ግን ነበረ። ሃን የሚሠራበት የኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት ኃላፊ ኤሚል ፊሸር ሴት ወደ ሕንጻው እንድትገባ አይፈቅዱም ነበር። በስንት ልመና አንድ ነገር ተፈቀደላት፤ ምድር ቤት ውስጥ ቀድሞ የአናጺ ሥራ ክፍል የነበረች፣ የራሷ መግቢያ ያላት ቤት። ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት የለም። የሃን ሌላው ላቦራቶሪ እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ እሷ ግን ልታየው አትችልም። መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ ከግቢው ወጥታ መንገድ ዳር ወዳለ ቤት መሄድ ነበረባት። ዶክተር ሆናም ማለት ነው።

ደመወዝስ? ምንም። የምትኖረው አባቷ በሚልኩላት ገንዘብ ነበር። በእነዚያ የድህነት ዓመታት ዋና ምግቧ ጥቁር ዳቦና ቡና እንደነበር የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ይናገራሉ። ያ ቡና በየትኛው መርከብ በርሊን እንደደረሰ ማን ያውቃል፤ የዓረቢካ ቡና ዘር ግን ሀረጉ ሲመዘዝ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። በረሃብ ሰዓት ያቆማት የእኛው ሰፈር ፍሬ ነበር ብንል ብዙ አልዋሸንም።

ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ነበር የምትሠራው? በእኛው ማዕድ እንየው። ሙዝ፣ ቆጮ፣ ቡና፤ ሁሉም ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከ10 ሺህ የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ገደማ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው። ይሄኛው አይረጋም፤ ቀኑ ሲደርስ ጨረር ይተኩስና ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በየሴኮንዱ ከ4 ሺህ በላይ የፖታሲየም አቶሞች እንዲህ ይሆናሉ። አሁን ይህን ስታነቡም እየሆነ ነው። አትደንግጡ፤ ተፈጥሮ ነው፣ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አብሮት ኖሯል።

የሊዘ ሥራ እንዲህ ያለውን የማይታይ ለውጥ መለካት ነበር፤ በቆጮ ላይ ሳይሆን እንደ ቶሪየምና አክቲኒየም ባሉ እጅግ በበረቱ ነገሮች ላይ። ዋና መሣሪያዋ ኤሌክትሮስኮፕ ይባላል። የተዘጋ የብረት ሳጥን አስቡ፤ ውስጡ ስስ የብረት ቅጠል ተንጠልጥሏል። ቅጠሉ በኤሌክትሪክ ሲሞላ ተገፍቶ ይቆማል። ጨረር የሚተፋ ነገር አጠገቡ ሲቀመጥ ኤሌክትሪኩ በአየሩ በኩል ያመልጥና ቅጠሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሊዘ በማጉያ መነጽር ቅጠሉን ታያለች፣ በእጇ ሰዓት ይዛለች። ይህን ያህል ለመውረድ ስንት ሴኮንድ ፈጀ? ትጽፋለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና። ነገ ጠዋት እንደገና።

ሥራው የሚያሰለች ይመስላል አይደል? ለእነሱ ግን አልነበረም። ሥራው የቀና ዕለት ሃንና ሊዘ ድምፃቸውን አስተባብረው የብራምስን ዘፈኖች ያዜሙ ነበር። ምሽት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ሱቅ ሳይዘጋ አንዳቸው ሮጠው ቋሊማ ወይም አይብ ይገዛሉ። አብረው ግን አይበሉትም። የዘመኑ ወግ አጥባቂ ነውና እሷ ወደ ቤቷ፣ እሱ ወደ ቤቱ። ለ16 ዓመት ያህል አንቺና አንተ ሳይባባሉ፣ በአክብሮት እየተጠራሩ ነው የሠሩት።

በ1909 ክልከላው ተነሳ። ለሴቶች መጸዳጃ ቤትም ተሠራ። ፊሸርም ቢሆኑ ኋላ ላይ ሥራዋን አይተው ደጋፊዋ ሆኑ።

እጅ የማይጨበጥበት ቤት

በ1912 ዳሌም በሚባለው የበርሊን ሰፈር አዲስ የኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ሃንና ሊዘ ወደዚያ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ፕላንክ ረዳታቸው አድርገው ቀጠሯት። በ34ኛ ዓመቷ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ በላች።

አዲሱ ቤት ጥብቅ ሕግ ነበረው። ምክንያቱን ለመረዳት እንዲህ አስቡት፤ የምትለኩት ጨረር እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ሰው በእጁ ላይ የቀረ ብናኝ ይዞ የበር እጀታ ቢነካ፣ ቤቱ በሙሉ ይበከልና ልኬቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ከጨረር ጋር የሚሠሩ ሰዎች እጅ አይጨባበጡም። በየስልኩና በየበሩ እጀታ አጠገብ የሽንት ቤት ወረቀት ተሰቅሏል፤ ስልኩን ስታነሳ በወረቀት፣ በሩን ስትከፍት በወረቀት። የኬሚስትሪው ክፍል ሌላ፣ የመለኪያው ክፍል ሌላ። እኛ በኮሮና ጊዜ የለመድነውን እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት ኖረውታል። ለዓመታት አንድ ንጹሕ ቁጥር ማግኘት የቻሉት በዚህ ዲሲፕሊን ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሊዘ ለኦስትሪያ ጦር የራጅ ባለሙያ ሆና ቁስለኞችን አገለገለች። ተመልሳ ደግሞ የራሷን የፊዚክስ ክፍል ተረከበች። በ1918 ከሃን ጋር ፕሮታክቲኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር ረጅም ዕድሜ ያለውን ዓይነት ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሃን ብዙውን ጊዜ ጦር ሜዳ ስለነበር የላቦራቶሪውን ሥራ አብዛኛውን የሠራችው እሷ ነበረች።

በ1922 ደግሞ ከአቶም ውስጥ ኤሌክትሮን ተፈናጥሮ የሚወጣበትን አንድ ክስተት አግኝታ ጻፈች። በቀጣዩ ዓመት ፒየር ኦዤ የሚባል ፈረንሳዊ ያንኑ ራሱ ደረሰበት። ዛሬ የፊዚክስ መጽሐፍ ብትገልጡ ክስተቱ የሚጠራው በኦዤ ስም ነው። ይህ የመጀመሪያው መዘለል ነበር።

በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃትን የመጀመሪያ ንግግር አደረገች። ርዕሱ ስለ ኮስሚክ፣ ማለትም ስለ ጠፈር ፊዚክስ ነበር። አንድ ጋዜጣ ሴት መሆኗን ሲያይ ነው መሰለኝ ኮስሜቲክ ፊዚክስ ብሎ አተመው። የኩል ፊዚክስ እንደማለት ነው! በ1926 ግን በጀርመን የመጀመሪያዋ ሴት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነች።

ሦስት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር

በ1934 ሮም ላይ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲደበድቡ አዳዲስ የማይታወቁ ነገሮች ተፈጠሩ። ሊዘ ይህን ስታነብ እንቅልፍ አጣች። ሃንን ጎትጉታ ወደ ሥራው ያስገባችው እሷ ነች። ፍሪትዝ ሽትራስማን የተባለ ወጣት ኬሚስት ተጨመረና ሦስት ሆኑ።

የሥራው ቀን ይህን ይመስል ነበር። በአንዱ ክፍል ዩራኒየሙ በኒውትሮን ይመታል። በሁለተኛው ክፍል ኬሚስቶቹ የተፈጠረውን ነገር አሟሙተውና አጣርተው ይለያሉ። በሦስተኛው ክፍል በጋይገር ቆጣሪ ይቆጠራል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ በየ23 ደቂቃው በግማሽ የሚቀንስ ነበር። ቡና ታጥቦ ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ግማሹ የለም ማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ በሴኮንዶች የሚያልቁ ነበሩ። ስለዚህ ናሙናውን ይዞ በኮሪደሩ መሮጥ ግድ ነው። ሳይንስ ማለት አንዳንዴ ሩጫ ነው።

ለአራት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ተሳስተውም ነበር። ከዩራኒየም የከበዱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ያገኙ መስሏቸው ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ አሳተሙ። ኢዳ ኖዳክ የምትባል ጀርመናዊት ኬሚስት ግን ገና በ1934 ምናልባት ኒውክለሱ ተሰባብሮ ይሆናል የሚል ሐሳብ ጽፋ ነበር። ማንም አልሰማትም። ሊዘና ባልደረቦቿም አልሰሟትም። ስሟ የተዘለለው ሴት ራሷ የሌላዋን ሴት ቃል ዘላለች። ይህን የምነግራችሁ ሊዘን ለማሳነስ አይደለም፤ መዝለል የክፉ ሰዎች ሥራ ብቻ እንዳልሆነ እንድናይ ነው።

ሁለት ትንንሽ ሻንጣ

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሊዘ በትውልድ አይሁዳዊ ናትና የማስተማር ፈቃዷን ተነጠቀች። ብዙዎች አገር ለቀው ሲወጡ እሷ ቀረች። የኦስትሪያ ዜጋ መሆኗ ለጊዜው ከለላ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን በእጇ የገነባችውን ላቦራቶሪ መተው አልቻለችም። ከጦርነቱ በኋላ ያኔ ወዲያው አለመሄዷ ሞኝነት ብቻ ሳይሆን ስህተትም እንደነበር በግልጽ አምናለች።

በመጋቢት 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ጠቀለለች። የሊዘ ፓስፖርት በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ብዙም ሳይቆይ ሳይንቲስቶች ከአገር እንዳይወጡ ሊከለከል መሆኑ ተሰማ። ዲርክ ኮስተር የሚባል የኔዘርላንድ ፊዚሲስት ሊያስመልጣት በርሊን መጣ።

የመጨረሻዋ የሥራ ቀን ሐምሌ 12 ነበር። የሚጠረጥር እንዳይኖር እንደ ወትሮው ሥራ ገባች። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ የአንድ ወጣት ባልደረባዋን ጽሑፍ ስታርም ቆየች። ሻንጣ ለመሸከፍ የቀራት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። በማግሥቱ ሁለት ትንንሽ ሻንጣና ቦርሳዋ ውስጥ 10 ማርክ ይዛ ባቡር ተሳፈረች። ሃን ደግሞ የእናቱን የአልማዝ ቀለበት ሰጣት፤ ድንበር ላይ ጉቦ ቢያስፈልግ ብሎ። አላስፈለገም። ድንበሩን አለፈች። ከ30 ዓመት በላይ ሠርታ ይዛ የወጣችው ይህን ነው። 59 ዓመቷ ነበር።

ስዊድን ተቀበለቻት፤ ማለትም ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ኢንስቲትዩት ውስጥ ወንበር ተሰጣት። መሣሪያ የለም፣ ረዳት የለም። እንደገና ምድር ቤቱ ውስጥ የገባች ያህል ነበር፤ ያኔ ግን ወጣት ነበረች።

የማር ጠብታ

ሃንና ሽትራስማን በርሊን ውስጥ ሥራውን ቀጠሉ። ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። በኅዳር ኮፐንሃገን ላይ ሃንና ሊዘ በምስጢር ተገናኙ፤ ውጤቱን እንደገና በደንብ እንዲፈትሹት አጥብቃ ነገረችው። በታኅሣሥ የሃን ደብዳቤ መጣ። ዩራኒየሙ ውስጥ ያገኙት ባሪየም ነው ይላል። ባሪየም የዩራኒየምን ግማሽ ትንሽ በልጦ የሚመዝን ነገር ነው። ከከባዱ ዩራኒየም ውስጥ እንዴት ይወጣል? ሃን ግራ ገብቶታል፤ ፊዚክሱን እንድታስረዳው ይጠይቃል።

ሊዘ የ1938ን ገና ለማሳለፍ ኩንግኤልቭ ወደምትባል ትንሽ የስዊድን ከተማ ሄዳ ነበር። የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ፣ እሱም ፊዚሲስት፣ መጥቶ ነበር። ስለራሱ አዲስ ሙከራ ሊያወጋት ሲጀምር እሷ ደብዳቤውን ሰጠችው። አነበበ፤ አላመነም። በበረዶው ላይ ሊንሸራሸሩ ወጡ። እሱ በበረዶ መንሸራተቻ፣ እሷ በእግሯ። እየተጨቃጨቁ ሄዱ።

ከማንኪያ ላይ የሚንጠባጠብ ማር አይታችኋል፤ ካፋ ደግሞ የማር አገር ነው። ጠብታው መጀመሪያ ይረዝማል፣ ከዚያ ወገቡ ይቀጥናል፣ በመጨረሻ ለሁለት ይከፈላል። የዩራኒየም ኒውክለስም እንደ ፈሳሽ ጠብታ ቢሆንስ? አንድ ኒውትሮን ሲገባበት ተወዛውዞ ወገቡ ቀጥኖ ቢበጠስስ? የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሊዘ ቁራጭ ወረቀት አውጥታ መሥራት ጀመረች። ሁለቱ ክፋዮች ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸውና በኃይል ይገፋፋሉ። ኃይሉ ሲሰላ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መጣ። አንድ ለዓይን የማይታይ ኒውክለስ፣ በዓይን የምትታይን የአሸዋ ቅንጣት ብድግ ሊያደርጋት ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ኃይል ግን ከየት መጣ? ሊዘ የኒውክለሶችን ክብደት የሚያወጣውን ቀመር በቃሏ ታውቀው ነበር። ሁለቱ ክፋዮች ተደምረው ከመጀመሪያው ኒውክለስ በአንድ ፕሮቶን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳሉ። በ1909 አይንስታይን ሲያስተምር ሰምታው ነበር፤ ክብደት ወደ ኃይል ይለወጣል የሚለውን። ያንን አምስተኛ በአይንስታይን ቀመር ስትለውጠው 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሆነ። ገጠመ!

ላቦራቶሪ የላትም። መሣሪያ የላትም። የነበራት ግንድ፣ እርሳስ፣ ወረቀትና የ30 ዓመት ቆጠራ ነው።

አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስም

የሃንና የሽትራስማን ጽሑፍ በጥር 1939 ወጣ። የሊዘ ስም አልነበረበትም፤ ናዚ በሚገዛው አገር የተሰደደች አይሁዳዊትን ስም ማስገባት አደገኛ ነበር። እሷና ፍሪሽ ማብራሪያቸውን በየካቲት በታወቀው ኔቸር መጽሔት አወጡ፤ ክስተቱንም ፊሽን ብለው የሰየሙት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1943 የአቶም ቦምብ በሚሠራበት ሎስ አላሞስ እንድትሠራ ተጋበዘች። እምቢ አለች። ከስዊድን ድህነትና ብቸኝነት የምታመልጥበት መንገድ ነበር፤ በቦምብ ሥራ ውስጥ ግን እጇን ማስገባት አልፈለገችም። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ጋዜጠኞች የቦምቡ እናት አድርገው ሊያቀርቧት ከበቧት። በጣም ነበር ያዘነችው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል ለኦቶ ሃን ብቻ ተሰጠ። ሊዘም፣ ፍሪሽም፣ ሽትራስማንም የሉበትም። እሷ በሕይወት ዘመኗ ከ40 ጊዜ በላይ ለኖቤል ታጭታለች፤ አንዴም አልደረሳትም። ሃን ጓደኛዋ ነበር፤ ለማምለጧም ረድቷታል። ግኝቱን ግን የኬሚስትሪ ብቻ አድርጎ መተረክ ለመደ። የኬሚስትሪው ሥራ የእሱና የሽትራስማን መሆኑ እውነት ነው። ምርምሩን ያስጀመረችው፣ ለአራት ዓመት የመራችውና ትርጉሙን የፈታችው እሷ መሆኗም እውነት ነው።

ሙኒክ ያለው ትልቁ የጀርመን ሙዚየም መሣሪያዎቹን አሰባስቦ ለሕዝብ አቀረበ። በሦስት ክፍሎች ውስጥ የነበሩት ዕቃዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ብዙዎቹ ከሊዘ የፊዚክስ ክፍል የወጡ ናቸው። ጠረጴዛው ግን ለአሥርት ዓመታት የኦቶ ሃን የሥራ ጠረጴዛ ተብሎ ነው የታየው። አያችሁ? ስም የሚጠፋው በዚህ ዓይነት ነው። ማንም አይሰርቀውም፤ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ላይ ይዘለላል፣ ቀጣዩ ትውልድ ያንኑ ይገለብጣል።

ሊዘ ሥራዋን አላቆመችም። በስዊድን የመጀመሪያው የኑክሌር ማብላያ ሥራ ላይ ተሳትፋለች። በ1960 ወደ እንግሊዟ ካምብሪጅ ሄዳ ጥቅምት 27 ቀን 1968፣ 90 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሯት አረፈች። የመቃብሯ ድንጋይ ሰብዓዊነቷን ያልጣለች ፊዚሲስት መሆኗን ይመሰክራል።

ከሞተች በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1982 ጀርመን ውስጥ የተሠራው 109ኛው ንጥረ ነገር በ1997 በይፋ ማይትነሪየም ተባለ። ለሌላ ንጥረ ነገር በሃን ስም ቀርቦ የነበረው መጠሪያ ግን አልጸደቀም። የኖቤል ተሸላሚ ብዙ ነው፤ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ቦንጋም ሆነ ጅማ፣ አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች፣ ይህ ሙያ ሩቅ አይደለም። የካፋን ከብት የሚፈጀውን ገንዲ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስ ቃሊቲ ውስጥ ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር እያመከኑ የመልቀቅ ሥራ ተሠርቷል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በኮባልት ጨረር ሲታከሙ ኖረዋል። እነዚህ የሊዘ ግኝቶች አይደሉም፤ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ እንደሷ ቁጭ ብሎ ጨረር የሚለካ፣ የሚጽፍ፣ እንደገና የሚለካ ሰው አለ። ላቦራቶሪው ባዶ ነው ብላችሁ ተስፋ ስትቆርጡ የአናጺዋን ክፍልና የበረዶውን ግንድ አስታውሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የቡድን አሳይመንት ስታስገቡ ሌሊቱን የሠራችው ልጅ ስም ተዘልሎ፣ ያልሠራው መጀመሪያ ላይ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትንሽ ነገር ይመስላል። የሙኒኩ ጠረጴዛም የጀመረው በአንዲት ትንሽ ጽሑፍ ነው። ስሞቹን ስትጽፉ ሠሪዋን አትዝለሏት። ቦንጋ ሄዳችሁ ቡና ስትጠጡም ማን ለቀመው፣ ማን ቆላው ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ሰው እዚያው ጀበናው አጠገብ ተቀምጧል።